ለምረቃ ድግስ 60 ሰው፦ የሶኖራ ሆት ዶግ ያለ አሳማ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ የተመራቂዋ እናት (ቱሳን፣ አሪዞና)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በዚህ ግንቦት ሁለተኛ ደረጃን ትጨርሳለች። ድግሱ ዓርብ ማታ በጓሯችን ነው። ዶሮውንና ክትፎውን ከእህቴ ጋር እንወጣዋለን፤ የጨነቀኝ የልጅቱ ነገር ነው። እዚሁ ቱሳን ተወልዳ ያደገች ስለሆነች «ለጓደኞቼ የሶኖራ ሆት ዶግ ካልቀረበ ምረቃው ምረቃ አይደለም» ብላለች።

ለማታውቁት፦ ሶኖራ ከአሪዞና ጋር የምትዋሰን የሜክሲኮ ግዛት ናት። ቋሊማው በቤከን (በስሱ በተቆረጠ ጨዋማ ሥጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ) ተጠቅልሎ ይጠበስና ለስላሳ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ከላዩ የተቀቀለ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ማዮኔዝ፣ ሰናፍጭና የሃላፔኞ ሳልሳ (የሜክሲኮ ቃሪያ ማባያ) ይደረግበታል። ከጎኑም የተጠበሰ ቢጫ ቃሪያ ይቀመጣል።

እንግዶቹ 60 ይሆናሉ፤ 20ዎቹ ልጆች ናቸው። አብዛኛው ዘመድ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሦስት ሙስሊም ቤተሰቦችም አሉ። አሳማ የሚባል ነገር በግቢዬ አይገባም። አምና ለልደቷ የበሬ ቤከን አግኝቼ በከሰል ላይ ሞክሬው ነበር። ስቡ ሲንጠባጠብ ነበልባሉ ተነሣ፤ ግማሹ ጠቆረ፣ ግማሹ ደግሞ ጥቅልሉ ተፈትቶ ራቁቱን ቀረ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ደህና ናችሁ?» እስከማለት ደረሰ።

ስንት ልግዛ? በምን ልጥበሰው? ደግሞም ቀኑ ዓርብ ነው፤ ወደ ሰኔ ብገፋው ይሻል ይሆን?

መልስ፦ የሰንበቴ ወጥ ቤት

ልጄ፣ በዓርቡ አትጨነቂ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ወደ ሰኔ ከገፋሽው ግን ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ ያን ጊዜ ለእኛ ቦሎቄውን ብቻ ልታቀርቢልን ነው። እንኳን ደስ ያለሽ!

መልስ፦ ባለ ምግብ መኪናው (ፊኒክስ)

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ አራት ዓመት ከአንድ የሶኖራ ሰው ጋር በምግብ መኪና ላይ ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርዎት።

መጀመሪያ የአምናው ጥፋት የቤከኑ ሳይሆን የእሳቱ ነው። ይህ ምግብ የመጣው ከሶኖራ ዋና ከተማ ከኤርሞሲዮ ነው፤ እዚያ «ዶጎ» ይሉታል። በጋሪ የሚሸጡት ሰዎች በግልጽ እሳት ላይ አያደርጉትም፤ የሚጠብሱት በጠፍጣፋ የብረት ምጣድ ላይ ነው። እዚያ ላይ ቋሊማው ከራሱ በወጣው ስብ ይጠበሳል፣ ሽንኩርቱም በዚያው ስብ አጠገቡ ይቁላላል። በከሰል ላይ ግን ስቡ እሳት ውስጥ ይወድቅና ነበልባል ይሆናል።

ለ60 ሰው ደግሞ በምጣድ ላይ አንድ በአንድ እያገላበጡ ሌሊቱን አያንጉ። በኦቭን ይሥሩት። ከዋዜማው ቋሊማውን በወረቀት ፎጣ ያድርቁት፤ እርጥብ ከሆነ ቤከኑ አይዝም። ከአንዱ ጫፍ ጀምረው ጠመዝማዛ አድርገው ይጠቅልሉት፤ እያንዳንዱ ዙር ቀዳሚውን በጥቂቱ ይደርብ። መጨረሻውን በመጨረሻው ዙር ሥር ሸጉጠው ያንን ጎን ወደ ታች አድርገው ትሪ ላይ ይደርድሩና ሸፍነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። ስቴኪኒ አይሰኩበት፤ ልጆች አሉ። በማግሥቱ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (400 ፋራናይት) ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች አይንኩት፤ ሽፋኑ ከያዘ በኋላ ያገላብጡት። ሁለት ትሪ አብረው ካስገቡ መሃል ላይ የላዩንና የታቹን ያቀያይሩ።

የበሬ ቤከን ይሆናል፣ ያውም በደንብ። ስስ ሆኖ የተቆረጠውን ይምረጡ፤ ወፍራሙ ይደርቅና እንደ ቋንጣ ይሆናል። የተርኪ (የፈረንጅ ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ) ቤከን ስቡ ትንሽ ስለሆነ ዘይት ካልተቀባ በደንብ አይጠበስም። እኔ አልወደውም።

መጠኑን እንዲህ ይቁጠሩት፦ እንጀራም ስላለ ለአዋቂ አንድ ተኩል፣ ለልጅ አንድ። ይህ 80 ይሆናል፤ 10 ለመጠባበቂያ ጨምረው 90 ይግዙ። ቤከኑ ለእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ነው፤ በእሽጉ ውስጥ ስንት እንዳለ ቆጥረው ይግዙ። ቦሎቄው ፒንቶ የሚባለው ዥንጉርጉሩ ነው፤ 900 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል 12 ኩባያ ያህል ይወጣዋል። ለአንዱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ካደረጉ ለ90ው ይበቃል። አሳድረው ይዘፍዝፉት፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ቀቅለው ሳይፈርስ ያውጡት። ሲያቀርቡ ውኃውን ያንጠፍጥፉት፤ ዳቦውን የሚያበላሸው እሱ ነው። ቲማቲሙ 2 ኪሎ ተኩል ይሁን፤ ፍሬውን አውጥተው ይክተፉት። ቢጫ ቃሪያው 40 ቢሆን ይተርፋል።

ከሁሉም በላይ ግን ዳቦው ነው። በሱቅ የሚሸጠው በጎኑ የተሰነጠቀ የሆት ዶግ ዳቦ ይህን ሁሉ ጭነት አይችልም። ቱሳን ስላሉ ዕድለኛ ነዎት፤ ከሜክሲኮ ዳቦ ቤት ከሁለት ቀን በፊት ለዶጎ የሚሆን ቦሊዮ ብለው ይዘዙ። ለስላሳ፣ ጥቂት ጣፋጭ፣ ሁለቱም ጫፉ ድፍን ነው። ከላይ ብቻ ሲሰነጠቅ እንደ ታንኳ ይሆንና መረቁን ይዞ ያስቀራል። አሥር አሥሩን በፎይል ጠቅልለው ያሙቁት። ጣዕሙን ቀድመው ለማወቅ ከፈለጉ እዚያው ከተማዎ ውስጥ ኤል ግዌሮ ካኔሎ የሚባል ምግብ ቤት አለ። ዳንኤል ኮንትሬራስ በ1993 በአውሮፓ አቆጣጠር በትንሽ ጋሪ የጀመረው ነው፤ በ2018 ለአሜሪካ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ትልቁን የጄምስ ቤርድን ሽልማት አግኝቷል። ሄደው አንድ ይብሉና ዳቦውን ብቻ በጣትዎ ጫን አድርገው ይዩት፤ የምለው ያኔ ይገባዎታል።

መልስ፦ የሐላል ሱቅ ደንበኛ

ሰላም እህቴ። ስለ እኛ ማሰብሽ ደስ ይላል። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቋሊማው የበሬ ተብሎም ሽፋኑ ከአሳማ አንጀት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሁለተኛ፣ የታሸገ የሜክሲኮ ቦሎቄ ስትገዢም ሆነ ዳቦ ስታዝዢ «ማንቴካ አለበት?» ብለሽ ጠይቂ፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው። ብዙ ሰው ቤከኑን ሸሽቶ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ለእናንተም ለጾመኛም ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ የበሬ ሁሉ ሐላል አይደለም። ለሦስቱ ቤተሰቦች ሐላል የተጻፈበትን ቋሊማና ቤከን ለይተሽ፣ በራሱ ትሪ ጠብሰሽ፣ መቆንጠጫውንም ለይተሽ አቅርቢ። ሂሳቡ ከቻለ ደግሞ ሁሉንም ሐላል ግዢና ከመለያየት ተገላገዪ።

የተመራቂዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንቴካውን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር፤ ዳቦ ቤቱን ጠየቅሁ፣ በአትክልት ዘይት የሚሠሩት አላቸው። ሁሉንም ሐላል እገዛለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ፦ ልጅቱ ሽንኩርቱና ቃሪያው ጓሮ ውስጥ በእንግዳው ፊት እንዲጠበስ ትፈልጋለች። ጠፍጣፋ ምጣድ የለኝም፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ግን ሁለት አለኝ። በአንዱ ብሠራበትስ?

የሰንበቴ ወጥ ቤት

በምን ዓይንሽ! ስንት ዘመን ያሰስሽውን ምጣድ ስብ ልታጠጪው? ከዚያ በኋላ እንጀራሽ ዓይን ባያወጣ ማንን ልትወቅሺ ነው? ከጎረቤት ተዋሺ።

ባለ ምግብ መኪናው

እማማ ልክ ናቸው። በጋዝ መጥበሻው ላይ የሚቀመጥ የብረት ምጣድ ይዋሱ። ቃሪያው ቆዳው አረፋ እስኪያወጣና እስኪጠቁር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሎሚና ጨው።

መልስ፦ የዲሲው

ለምን አዋዜ አይጨመርበትም? ማዮኔዙ ላይ ሚጥሚጣ ቢነሰነስስ? እኛ ሠፈር እንዲያ ነው የምናደርገው።

ባለ ምግብ መኪናው

ወንድሜ፣ አዋዜ ከገባበት ስሙን ቀይሩለት። የሶኖራው ጣዕም ጣፋጭ ዳቦ፣ ጨዋማ ቤከንና ለዘብ ያለ ቦሎቄ ነው፤ አዋዜ ሁሉንም ይውጠዋል። ሚጥሚጣውን በትንሽ ሳህን ለብቻው አስቀምጡት፤ የፈለገ ይውሰድ።

መልስ፦ ነርሷ

ጣዕሙን ለእናንተ ትቼ ስለ ሙቀቱ ልናገር። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቱሳን እንዴት እንደሚያቃጥል እናንተ ታውቁታላችሁ። ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ ምግብ ውጭ መቆየት ያለበት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በአዘቦቱ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማዮኔዙና ቲማቲሙ በበረዶ ላይ ይቀመጡ፤ ቋሊማውና ቦሎቄው ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርዱ ከሥራቸው እሳት ይኑር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታውጡ፤ ግማሹ በኦቭን ውስጥ ይቆይ። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች የእሷ እንፋሎቱ እየወጣ ይቅረብላት። ከአራት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ደግሞ ቋሊማውን እንደ ቀለበት አትቁረጡት፤ ጉሮሮ ላይ ልክ እንደ ቡሽ ይገጥማል። በቁመቱ አራት ላይ ሰንጥቁት፣ ከዚያ አድቅቁት።

የተመራቂዋ እናት (ከድግሱ በኋላ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ድግሱ አልፏል፤ ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማታ አራት ሆነን 90ውን ስንጠቀልል ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ከሠላሳኛው በኋላ እጃችን ለመደው። አንድም የተፈታ የለም። በኦቭኑ ግን 20 ደቂቃ አልበቃውም፤ የእኔ ኦቭን ያረጀ ስለሆነ 30 ደቂቃ ወሰደ። ዳቦውን አንድ ሰው ይከፍታል፣ ሌላው ቋሊማና ቦሎቄ ያስገባል፣ የላዩን እንግዳው ራሱ ያደርጋል፤ እንዲህ ስናደርግ ሰልፉ አልቆመም። አስቀድመን የሠራናቸው የመጀመሪያዎቹ ስምንት ግን ዳቧቸው ራሰ፤ እነዚያን የበላናቸው እኛው ነን።

ተሳስቼ የገዛሁት ሽንኩርት ነው፤ አነሰ። የሰንበቴ እማማ፣ ምጣዴ በሰላም አለ። የዲሲው ወንድማችን ደስ ይበልህ፤ ሚጥሚጣውን ሳህኑን የጨረሱት የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞች ናቸው። ታላቅ አጎቴ ግን ዳቦውን አውጥተው ለልጅ ልጃቸው ሰጡና ቋሊማውን ከነቦሎቄው በእንጀራ ጠቀለሉት። «አሁን ገና ምግብ ሆነ» ብለው ሁለተኛ አስጨመሩ።

ቋሊማ አልተረፈም፤ ቦሊዮው 14 ተርፏል። ምን ይደረግ?

የሰንበቴ ወጥ ቤት

ቆራርጠሽ አድርቂውና በቅቤና በበርበሬ የዳቦ ፍርፍር አድርጊው። ለእኔም ሁለት አስቀሪልኝ።