«የጎንደር ጸሐፍት መንደር»፦ ለጥምቀት የሚደርስ የጋራ ዕቅድ

ሰብሳቢ፦ ረቂቅ ላኩ ካልኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። የላከ የለም። እኔው ጀመርኩት። ሐሳቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ሲጽፉ፣ ሲያስተምሩና ቅኔ ሲቆጥሩ የኖሩትን ሰዎች ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ እናወጣለን። ያረጁ መምህራንን ድምፅ እንቀዳለን። ከተረፈን አንድ የተማሪ ጎጆ እናድሳለን። ካዝና ውስጥ 41,000 ብር አለ። ቀሪውን ከረጂ ለመጠየቅ ያለን ጊዜ አሥር ቀን ነው።

የቁስቋሟ፦ መግቢያው ነገሥታት ብቻ ሆነ። የጻድቁ አፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት ፋሲል ግቢ የገባ ሁሉ ያየዋል። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባለው የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ግን ከግንብ አልወጣም። መምህር ኤስድሮስን የሚያህል ሊቅ በአንድ መስመር ታልፏል። ይስተካከል።

መሪጌታ፦ ርእሱ ላይ «ጎንደር» ተብሏል። «ጐንደር» ነው። ሳይታረም አልፈርምም።

የፒያሳው፦ ከተማው ውስጥ ያለ ታፔላ ሁሉ «ጎ» ነው። ረጂው በኮምፒውተር ሲፈልገንም የሚጽፈው «ጎ» ብሎ ነው። አሥር ቀን ቀርቶን በአንድ ፊደል እንጣላ?

መሪጌታ፦ አንድ ፊደል ነው የምትለኝ? አባቴ የቀለም ቀንዱን መሬት ላይ ተክሎ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚጽፈው። መጀመሪያ ጠርዙን በወስፌ ይወጋል። ከዚያ ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ነው መቃ ብዕሩን ቀለም የሚነክረው። አንድ ፊደል ከሳተ በቢላ ፍቆ፣ አለስልሶ እንደገና ይጽፋታል። ስለ እሱና ስለ ጓደኞቹ የምናወጣው መጽሐፍ ገና በሽፋኑ ፊደል ይግደፍ?

የፒያሳው፦ ባለፈው ዓመትም በ«ሠ» እና በ«ሰ» ዕቅዱን ያዘገዩት እርስዎ ነዎት።

መሪጌታ፦ ያለፈው የወደቀው ደረሰኝ ስላልቀረበ ነው። ደረሰኙ ማን እጅ እንደነበር ልናገር?

የፒያሳው፦ ይናገሩ! ከኪሴ የከፈልኩት እስካሁን አልተመለሰልኝም።

የአራዳው፦ እኔም «ጎ» ነው የምለው። ልጆቻችን «ጐ»ን አንብቡ ቢባሉ ይደናገራሉ።

የማራኪው፦ እንዲያውም ለዚህ ነው «ጐ» የሚያስፈልገው። አሁን ካላዩት መቼ ሊያውቁት ነው?

ሰብሳቢ፦ በቃ! የደረሰኙ ነገር እዚህ አይነሳ። ስለ ጎጆው ሐሳብ ያለው ይጻፍ።

የአዘዞው፦ ስለ ቀረጻው ማንም አላነሳም። ክረምት ላይ አንድ የኔታ አረፉብን። ድምፃቸው የለንም። መቅረጫ አመጣለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከሰኔ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ጎጆውን እለካለሁ ያለው መሐንዲስም ጠፍቷል።

የቁስቋሟ፦ የአዘዞው ያለው ትክክል ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከደብሮቻችን ሰብስበው መቅደላ ያደረሷቸውን መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም እንግሊዞች ዘረፉ። 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። በ1880 ዓ.ም ደግሞ ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር ከተማውን አቃጠለ፣ የምንትዋብ ቁስቋምም አብሮ ነደደ። ብራናው ሲሄድና ሲነድ የቀረልን በሰው ቃል ያለው ነው። በአታ ደብር አቋቋም፣ ማለትም የዝማሜና የከበሮውን ሥርዓት፣ የሚያስመሰክሩት አባቶች የያዙት እኮ ወረቀት ላይ የለም። ቀረጻው ይቅደም እላለሁ።

የአራዳው፦ እንግዳ የሚመጣው ለጥምቀት ነው። ጥምቀተ ባሕሩ መግቢያ ላይ ትልቅ ባነር ብንሰቅል ሰው ያየናል፣ ረጂም ያየናል። ያለን ብር ለእሱ ይበቃል።

የፒያሳው፦ መሪጌታ፣ ማታ የአያቴን ዳዊት አወጣሁት። ከኋላ ባዶው ቅጠል ላይ ስሙንና አገሩን ጽፏል። «ጐንደር» ነው የሚለው። ከ«ገ» ጎን የወጣችው ቅጥያ ቀለሟ ለቋል፣ ግን ትታያለች። ትናንት የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ። «ጐ» ይሁን።

መሪጌታ፦ ይቅር ለእግዜር። እኔም የደረሰኙን ማንሳት አልነበረብኝም። ዳዊቱን ላስቲክ ውስጥ እንዳታደርገው፣ ይሻግታል። ማኅደር ከሌለው አምጣው፣ ቆዳ አለኝ፣ እሰፋልሃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ባነሩ ማተሚያ ቤት ጠየቅኩ። ሁለት ባነር ከነመስቀያው፣ አንድ የብረት ሰሌዳ፣ ከዚያ ለመጽሐፉ ስምንት ገጽ ይተርፈናል። ከተስማማችሁ ነገ ቀብድ እከፍላለሁ።

የማራኪው፦ እስማማለሁ። ሰሌዳው ላይ «ጐ» ጎልታ ትጻፍ።

የአዘዞው፦ ጎጆውና ቀረጻው ወጡ ማለት ነው?

ሰብሳቢ፦ አልወጡም። «በሚቀጥለው ዙር» በሚለው ሥር አስገብቻቸዋለሁ።

የአዘዞው፦ እኔ ቅዳሜ በስልኬ ልቀዳ በአታ እሄዳለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ፒያሳ ታክሲ ተራው ጋ እቆማለሁ። የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ባነሩ 3 በ2 ይሁን ወይስ 4 በ2? ማተሚያ ቤቱ ዛሬ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል።

የአራዳው፦ 4 በ2።