የድሮውን ቤዝመንት እንጠቀምበት ወይስ እንድፈነው? ነገ ጠዋት ኤክስካቫተር ይመጣል!!

ፒያሳዋ፦ ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ያለውን የአባቴን ቤት አፍርሰን ጂ ፕላስ ሁለት ልንሠራ ነው፣ ላዩ ፈርሶ አልቋል ቤዝመንቱ ብቻ አፉን ከፍቶ ቀርቷል የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ኮንትራክተሩ ድንጋይ ግንቡ ላይ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) እናስነሳለን የፋውንዴሽን ብር ይተርፍልሻል ይላል፣ ወንድሜ ድፈኑት ይላል፣ አባዬ ጣሊያን የሠራው ነው አይነካም ብሎ ተቆጥቷል። ዛሬ በጎረቤት በኩል ያለው ጥግ ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ምን ላድርግ??

አራዳ ነኝ፦ ፎቶ የለ፣ ጥልቀቱ የለ፣ ጠንቋይ መሰልንሽ እንዴ ሃሃሃ

ኢንጂነሩ፦ እህቴ የኛ ሰው ችግር ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ያፈርሳል ከዛ ይጠይቃል። የሕንፃ አዋጅ የወጣው እኮ ለጌጥ አይደለም። ድንጋይ ግንብ ፌሮ የለውም፣ ከላይ ቢጫኑት ይችላል ወደ ጎን ሲገፉት ግን አይችልም፣ በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ አላያችሁም? ሶይል ቴስት (የአፈር ምርመራ) ሳይኖር ዲዛይን የሚባል ነገር የለም።

ማሙሽ፦ ሶይል ቴስት አሠሪ

ቤቢ፦ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ይሄን ሁሉ የአዲስ አበባ ቤት መቼ ሠርቶ ጨረሰው ግን

ፎርማን፦ ወሬውን ተዉትና ግንቡን አድኑ። የድሮው ቤት ወለል ከላይ ይዞት ነበር አሁን ያ የለም፣ ከኋላው ያለው አፈር ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ ከብዷል፣ ከወደቀ ወደ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ነገ ኤክስካቫተሩ ጠርዙ ጋ ድርሽ እንዳይል። ዛሬውኑ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከግድግዳ ግድግዳ በወፍራም አጣና ይወጥረው፣ ልጆች ታች እንዳይወርዱ፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ መልሱት ሸራም ጣሉበት። ከዛ ቱንቢ ጥለሽ ሆዱን ነፍቶ እንደሆነ እዪ፣ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ደግሞ በምስማር ጫሪው፣ እንደ ዱቄት ከረገፈ ጭቃ ወይ ኖራ ነው።

ፒያሳዋ፦ ጫርኩት፣ ምስማሩ እስከ ግማሹ ገባ 😭

ፎርማን፦ በቃ ኮለኑን እርሺው። ኮለን ከግንቡ ገባ ብሎ በራሱ ፉቲንግ (የምሰሶ መሠረት) ላይ ነው የሚቆመው፣ ቤዝመንቱን ከፈለግሽው ከውስጥ አዲስ አርማታ ግድግዳ ይሠራል። ፉቲንጉ ሲቆፈር ግን የግንቡን እግር በአንዴ እንዳትገልጡት፣ ቁርጥ ቁርጥ እያደረጋችሁ።

ማሙሽ፦ ሶይል ቴስትስ?

ጎጃም በረንዳ፦ እኔ ግን ቤዝመንት ለምን እንደሚያስፈልጋት አልገባኝም፣ ለመኪና ከሆነ መውረጃው ቦታ ይበላል። ድፈኚው። ግን ፍርስራሹን እዛው ገልብጠሽ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ብታስተኚበት ሰምጦ ይሰነጠቃል፣ ሰሌክት (የተመረጠ የሙሌት አፈር) አስመጥተሽ 20 ሳንቲም 20 ሳንቲም እየጠቀጠቁ ነው፣ ይሄም ርካሽ እንዳይመስልሽ። ኮንትራክተሩ ይተርፋል ያለው ብር የታል?

ኢንጂነሩ፦ ሲደፈንም የታችኛው ወለል መሰበር አለበት ውሃ እንዳይቋጥር። ይሄን ማንም አላነሳም።

ቤቢ፦ ፒያሳዋ ውሃውን አሽተሽዋል? የጎረቤት ሴፕቲክ ሊሆን ይችላል እኮ። ካልሸተተ የውሃ ቆጣሪያቸውን ዘግተው ይሞክሩ፣ መንጠባጠቡ ከቆመ የነሱ መስመር ነው የፈነዳው።

ፒያሳዋ፦ ጎረቤት በር አይከፍቱም በፍርስራሹ አቧራ ተኳርፈናል

አራዳ ነኝ፦ ሽማግሌ ላኪ ሃሃ

ማሙሽ፦ ድንጋዩን ትሸጪዋለሽ? ለአጥር ፈልጌ ነበር፣ ጭነቱን በራሴ