የኮርቻ ጠፍሮችን ስም የምታውቁ እባካችሁ

በአንድ የድሮ የፈረስ ዕቃ ሥዕል ላይ የየክፍሉን ስም እየጻፍኩ ነው፤ ግን መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

ቀላሉ አልቋል፦ ኮርቻ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ ግላስ። እርካቡንም ለይቻለሁ። ጠባብ የብረት ቀለበት ነው፤ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ አውራ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያስገባበት።

የቸገረኝ ጠፍሮቹ ናቸው። አንዱ ከኮርቻው ኋላ ተነስቶ በጭራው ሥር ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገት እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ሌላው በደረቱ በኩል ያልፋል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይሄድ። ሦስተኛው ሆዱ ላይ ይጠብቃል። ሁሉንም «ጠፍር» ብዬ ማለፍ እችላለሁ፤ ግን ያሳዝነኛል። ገበሬው እኮ ቀንበርና ሞፈር የሚያስርበትን ጠፍር ለይቶ «ምራን» ይለዋል። ፈረሰኛውም ለየብቻ ስም ሳያወጣላቸው አይቀርም።

ደግሞ አንዱ ጠፍር ዘለበት የለውም። ጫፉ ተሰንጥቆ የሌላው ቋጠሮ ይገባበታል። ይሄ ማያያዣስ ምን ይባላል?

አዛውንት መጠየቅ የምትችሉ ካላችሁ ቃሉን ከነአካባቢው ጻፉልኝ። የጎጃምና የሸዋው ቢለያይም ሁለቱንም እፈልጋለሁ።