ሁለት የፖዊስ ከተሞች በባቡር ለምን በእንግሊዝ ዞረው ይገናኛሉ?

የአራት ኪሎ መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለክፍል ግድግዳ የሚሰቀል የዌልስ ካርታ እያዘጋጀሁ ነው። ላንድሪንዶድ ዌልስና ኒውታውን ሁለቱም ፖዊስ አውራጃ ውስጥ ናቸው፤ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የባቡር ጉዞ መፈለጊያው ግን በእንግሊዟ ሽሩዝበሪ በኩል ያዞራል። ስህተት ይሆን?

ሸለቆ፦ መምህር፣ ስህተት የለበትም። የሰቨርንና የዋይ ወንዞች ሁለቱም የሚነሱት ከፕሊንሊሞን ተራራ (752 ሜትር) ነው፤ ሁለቱም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እንግሊዝ ይወርዳሉ። የኒውታውን ሐዲድ የሰቨርንን ሸለቆ ይከተላል። የላንድሪንዶዱ ከሽሩዝበሪ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሻገራል። ሰሜንና ደቡቡን በዋይ ሸለቆ ያገናኝ የነበረው ሐዲድ በ1962 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ተዘጋ። አሁን ቀጥታ የሚወስደው ቲ 4 አውቶቡስ ነው፤ እሁድ ግን ምልልሱ ስለሚቀንስ ሰዓቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ካርታው ላይ «ዌልስ» ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ተማሪ ይሳሳታል። የከተማዋ «ዌልስ» የማዕድን ውሃ ምንጮችን ነው የሚያመለክተው፤ ያውም ቀዝቃዛ እንጂ እንደ ፍልውሃ የሚፈላ አይደለም።

ቀለም ቀቢ፦ የከፍታውን ቀለም ይጠንቀቁ። የእኛን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ መለኪያ ከወሰዱ ጉድ ይፈላል፦ ከአውራጃው ሁሉ የሚበልጠው የፔን ይ ፋን ተራራ 886 ሜትር ብቻ ስለሆነ ያ ዝናባማ የበግ አገር ግማሹ «በረሃ»፣ ግማሹ «ቆላ» ሆኖ ያርፋል። ፒያሳ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! በየ200 ሜትሩ ይከፋፍሉት፤ ከ600 በላይ ላለው አንድ ጥቁር ቡኒ ይበቃል።

የፖዊስ ስፋት 5,180 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዌልስ ሩብ ነው፤ አዲስ አበባን አሥር ያህል ጊዜ ይውጣል። በ2021 ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ግን 133,000 ገደማ ብቻ። የመካከለኛው ዘመን የፖዊስ መንግሥት ድንበር ከዛሬው ጋር አይገጥምም። የዛሬው በ1974 ሞንትጎመሪሻየርን፣ ራድኖርሻየርንና አብዛኛውን ብሬክኖክሻየርን አዋህዶ የተፈጠረ ነው። ሦስቱን በቀጭን ነጠብጣብ ቢለዩ ጥሩ ነው፤ የአገሬው ሰው ዛሬም በእነሱ ይጠራል።

የአራት ኪሎ መምህር፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሆስፒታልስ የት ላስቀምጥ?

ሸለቆ፦ ትልቅ አጠቃላይ ሆስፒታል አውራጃው ውስጥ የለም። ትንንሾቹን በትንሽ ምልክት ያድርጉ፤ ከባድ ሕመም ሲሆን ሰሜኑ ወደ ሽሩዝበሪ፣ ምሥራቁ ወደ ሄርፎርድ ይሄዳል። ሸለቆው ወደሚወስደው ማለት ነው። ውሃውም እንዲሁ፦ በ1904 የተመረቁት የአውራጃው የኤላን ግድቦች ለእንግሊዟ በርሚንግሃም የሚልኩት ውሃ ያለ ፓምፕ 118 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በዚህ ሁሉ ርቀት ዝቅታው 52 ሜትር ብቻ ነው። ቦታ ካለዎት እሱንም በሰማያዊ ሰረዝ ያስምሩት።