የፈረንሳይና የጀርመን ግንኙነት፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ከየት ልጀምር?

ጠያቂው፦
ጤና ይስጥልኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስላለው የፈረንሳይና የጀርመን ግንኙነት የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በረቂቄ ላይ «የሁለቱ አገሮች ዲፕሎማሲያዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ባህላዊ ትብብር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 በተፈረመው የኤሊዜ ውል ነው» ብዬ ነበር፤ አማካሪዬ ዓረፍተ ነገሩን በቀይ አስምረው፣ ከሥሩ «ውሉን አንብበኸዋል?» ብለው ብቻ መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ስለ ውሉ የተጻፈውን እንጂ ውሉን አላነበብኩም። ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ፣ የባህሉንም ምዕራፍ በምን እንደምሞላው ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም። ለማስረከብ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
አማካሪህ ደካማውን ቦታ አግኝተውታል። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር ጃንዋሪ 22 ቀን 1963 ፓሪስ ላይ የፈረሙት ውል በመርሐ ግብሩ የያዘው ሦስት ዘርፎችን ነው፤ የውጭ ጉዳይን፣ መከላከያን፣ ትምህርትና ወጣቶችን። ኢኮኖሚ ለብቻው የቆመ ክፍል የለውም፤ የሁለቱ አገሮች የኢኮኖሚና የገንዘብ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1988 በተጨመረ ፕሮቶኮል ነው። ውሉን ስታነበው የቀጠሮ መዝገብ ይመስልሃል፦ መሪዎቹ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ቢያንስ በየሦስት ወሩ፣ ኤታማዦር ሹሞቹ ቢያንስ በየሁለት ወሩ እንዲገናኙ ያዛል።

ደ ጎል ከፊርማው ስምንት ቀን አስቀድመው ብሪታንያ ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ እንዳትገባ በሩን ዘግተውባት ስለነበር፣ የጀርመን ምክር ቤት ቡንደስታግ ውሉን ሲያጸድቅ ስለ አሜሪካ ወዳጅነት፣ ስለ ኔቶና ስለ ብሪታንያ መግባት የሚያወሳ መግቢያ ጨመረበት። ደ ጎል በዚህ እጅግ ቅር ተሰኝተዋል። መግቢያው ውሉን ባዶ አስቀረው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ቅሬታው አልፎ ቀጠሮው ጸንቷልና።

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፦
የኢኮኖሚውን ምዕራፍ ከሜይ 9 ቀን 1950 ጀምር፣ ልጄ። ያን ዕለት የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ሹማን የሁለቱ አገሮች የድንጋይ ከሰልና የብረት ምርት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር እንዲሆን፣ ሌሎችም እንዲገቡበት ሐሳብ አቀረቡ። የተመረጠው ጨርቅ ወይም ስንዴ አልነበረም፤ መድፍ የሚሠራበት ነገር ነበር፤ ያለ ጎረቤት ዕውቅና መድፍ እንዳይሠራ ማለት ነው። ውሉ በ1951 ሲፈረም ግን ፈራሚዎቹ ስድስት አገሮች ስለሆኑ «የሁለትዮሽ ስምምነት» ብለህ እንዳትጽፍ ተጠንቀቅ። ዛርላንድንም አትዝለል፤ በፈረንሳይ የኢኮኖሚ ሥርዓት ውስጥ የነበረው ይህ የከሰል ግዛት ሕዝብ በ1955 በአውሮፓ ጥላ ሥር ልዩ አስተዳደር ይኑርህ ሲባል በድምፅ እምቢ አለ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1957 ወደ ምዕራብ ጀርመን ተቀላቀለ። ፈረንሳይ ውጤቱን መቀበሏ በእኔ ግምት ከብዙ የፊርማ ሥነ ሥርዓት ይበልጣል።

የስትራስቡርግ ነዋሪ፦
ስለ ባህሉ ልጨምር። የፈረንሳይዋ ሞንቤሊያርና የጀርመኗ ሉድቪግስቡርግ የእኅትማማች ከተሞች ግንኙነት የጀመሩት በ1950 ነው፤ በዚያችው ሉድቪግስቡርግ ደ ጎል በ1962 ለጀርመን ወጣቶች በጀርመንኛ ንግግር አድርገዋል። ከውሉ በቀጥታ የተወለደው በ1963 የተቋቋመው የሁለቱ አገሮች የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ነው። በ1992 ሥርጭት የጀመረው የሁለቱ አገሮች የጋራ ጣቢያ አርቴ ቴሌቪዥን መቀመጫው እዚሁ ከተማችን ነው።

በራይን ወንዝ ላይ ከስትራስቡርግ ወደ ጀርመኗ ኬል የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ አለ፤ መሐሉ ላይ ሰው አረፍ የሚልበት ሰፊ መድረክ ተሠርቶለታል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ትራሙ ራሱ ይሻገራል። ነገር ግን በ2020 የጸደይ ወራት በኮሮና ምክንያት ድንበሩ ሲዘጋ ትራሙ ከወንዙ ወዲህ ቀረ። ይህን ካልጻፍክ ምዕራፍህ የሠርግ ንግግር ይሆናል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ አስተካከልኩት፦ «የኤሊዜ ውል ቀድሞ በከሰልና በብረት፣ በከተሞችም መካከል የተጀመረውን መቀራረብ በመደበኛ የምክክር ሥርዓት አጸናው።» መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ? በ2019 የተፈረመውን የአኽን ውልስ የት ላስገባው?

የታሪክ መምህሩ፦
ይህ ያስኬዳል፤ «አጸናው» የሚለው ግን ለመከላከያው ዘርፍ ይበዛበታል፤ የመከላከያ ምክር ቤቱም የመጣው ገና በ1988 ነውና።

የሕግ ባለሙያ፦
ማክሮንና ሜርክል የፈረሙትን የአኽን ውል በመጨረሻው ምዕራፍ ከ1963ቱ ጎን አስቀምጠው። የኢኮኖሚ ጉዳይና የድንበር አካባቢዎች ትብብር በዚህኛው በስማቸው ተጠርተዋል። አሁን ግን ሁለቱንም ውሎች ፈልገህ አንብብ፤ የመጀመሪያው አጭር ነው፣ አንድ ማታ ይበቃዋል።