«ቀዩ ዲን» ከመንበራቸው መነሳት ነበረባቸው?

የክርክሩ መነሻ፦
ሂውሌት ጆንሰን እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1963 የእንግሊዙ ካንተርበሪ ካቴድራል ዲን፣ ማለትም አስተዳዳሪ ነበሩ። ከቅስናው በፊት ምህንድስና የተማሩ ሰው ናቸው። ሶቪየት ኅብረትን በአደባባይ ሲያወድሱ ኖሩ፤ «ቀዩ ዲን» የተባሉትም ለዚህ ነው። በ1951 የስታሊን የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ የሆኑት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር መላ ቅጡ ጠፋቸው፤ ግን አላነሷቸውም። ሊቀ ጳጳሱ ትክክል ነበሩ?

መልስ፦
በፍጹም አልነበሩም! በ1937 እና በ1938 እዚያው ሶቪየት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ካህናት ተረሽነዋል። ጆንሰን ግን እዚያ የሃይማኖት ነፃነት አለ እያሉ ይከራከሩ ነበር። በ1945 ሞስኮ ሄደው ስታሊንን አገኙ። ውጭ አገር ያለ ሰው ደግሞ የካንተርበሪን ዲን ከካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ አይለይም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኗን ስም ነው ለስታሊን ያዋሱት።

ሌላ መልስ፦
ወንድሜ፣ ስለ ስታሊን አንድ ነን። ማንሳቱ ላይ ግን አልስማማም። ዲን የሚሾመው በዘውዱ፣ ማለትም በንጉሡ ስም ነው፤ ሊቀ ጳጳስ ስለተናደደ ብቻ አያወርደውም። በ1952 ጆንሰን ከቻይና ተመልሰው «አሜሪካ በበሽታ ጀርም እየተዋጋች ነው» ሲሉ ነገሩ የብሪታንያ ፓርላማ አካል እስከሆነው ሎርዶች ምክር ቤት ድረስ ደረሰ። ያኔም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ይህ ጥበቃ ዛሬ የተሳሳተውን ያስጥላል፤ ነገ ግን ባለሥልጣንን ፊት ለፊት የሚገሥጽ ካህን ሲመጣ መጠለያው እሱ ነው። እኚሁ ሰው እኮ በመኖሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት ክርስቲያኖች የኒውክሌር መሣሪያን እንዲያግዱ የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰቅለው ነበር። በዚያም ይነሱ የሚል ሰው አይጠፋም ነበር።

ሦስተኛ መልስ፦
እኔ ሁለተኛውን መልስ ከሰጠችው እህታችን ጋር ነኝ። በ1940 የራሳቸው ካቴድራል ካህናት በጋዜጣ ደብዳቤ አውጥተው «የዲኑ አቋም የእኛ አይደለም» ብለዋል። ሐሳብን በሐሳብ መመለስ ማለት ይኼ ነው። አብረዋቸው እየቀደሱ እንዲህ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

መልስ (የመጀመሪያው)፦
ሰላም መስበካቸውን አልጠላሁም። ካህናቱንም አከብራለሁ። ግን ከደብዳቤው በኋላ 23 ዓመት በዚያው መንበር ተቀምጠዋል። ባሏ ወይም አባቷ ቄስ በመሆኑ ብቻ የተረሸነባት ሩሲያዊት ይህን ስትሰማ «ሕጉ ነው» ትሏታላችሁ?