ለሽምብራ ዘር ህያው ማዳበሪያ፦ ዱቄቱ ወይስ ፈሳሹ? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ጀማሪ
ሽምብራ አይቶ በማያውቅ ማሳ ላይ ልዘራ ነው። ዘሩ የሚታሽበት ህያው ማዳበሪያ በዱቄትም በፈሳሽም ይሸጣል። የቱን ትጠቁሙኛላችሁ?

ዱቄት ይግደለኝ
ዱቄቱን። አለቀ።

ሥር ቆፋሪ
መጀመሪያ እሽጉ ላይ ያለውን የባክቴሪያ ስም አንብብ። ሽምብራ የሚፈልገው ሜዞራይዞቢየም ሲሴሪ (Mesorhizobium ciceri) የሚባለውን ነው። ለባቄላ፣ ለአተርና ለምስር የተዘጋጀው ለሽምብራ አይሆንም፤ የሶያውም እንዲሁ። ስሙ ከገጠመ የማብቂያ ቀኑን እይ። ቅርጹ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ዱቄቱ ብዙውን ጊዜ ፒት (ረግረግ ውስጥ ከበሰበሰ ተክል የሚገኝ ጥቁር አፈር) ነው፤ እርጥበት ስለሚይዝ ባክቴሪያው ዘሩ ላይ ቶሎ አይደርቅም። ፈሳሹ ለማሸት ይቀላል፣ ግን ወዲያው መዝራት ለሚችል ሰው ነው።

የተቃጠለው
ሁለቱም ውሸት ነው! ፈሳሹን አሽቼ ዘራሁ፤ ሥሩ ላይ አንዲት ኖዱል (ባክቴሪያው ለተክሉ ናይትሮጅን የሚያዘጋጅባት እባጭ) የለችም።

ጠብታ
በምን ውሃ በጠበጥከው? ዘሩስ ፀረ ፈንገስ ነበረበት?

የተቃጠለው
በቧንቧ ውሃ። ዘሩ ቀይ መድኃኒት ተቀብቶ ነው የመጣው። ዩሪያም አልነፈግኩትም።

ጠብታ
እግዜር ይስጥህ። በክሎሪን አጥበህ፣ በመድኃኒት አክመህ፣ በዩሪያ ቀብረህ፣ አሁን ደግሞ ለምን አልተነሣም ትላለህ።

ሥር ቆፋሪ
ቀልዱ ይቆየንና፣ ዩሪያው እንኳ አይገድለውም። አፈሩ ናይትሮጅን ከጠገበ ግን ተክሉ ራሱ ባክቴሪያውን አያስገባም፤ ምን ሊያገኝ ብሎ ይቀልበዋል? ክሎሪን በክፍት ባልዲ ሲያድር ይተናል፤ ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደው) ከሆነ ማደሩ አይበቃም፣ የዝናብ ውሃ ይሻላል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት ልኬት) ከ5.5 በታች ከሆነም ኖዱል ይመነምናል።

ደግሞ ተክሉን ነቅለህ ያየህ ከሆነ ኖዱሎቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ቀርተው ይሆናል። አበባ ሲጀምር ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረህ አውጣው፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አፈሩን አራግፍ፣ ኖዱሉን በጥፍርህ ሰንጥቅ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ አይሠራም ወይም ገና ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ አርጅቷል።

ባለ ባሲለስ
እኔ ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለውን ባክቴሪያ እላለሁ። ሙቀት አይበግረውም፣ መደርደሪያ ላይ ቢቆይም ምንም አይሆንም።

ጠብታ
የተጠየቀው ሌላ ነው። ባሲለስ ስፖር (ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ስለሚሠራ ነው ሙቀት የሚችለው፤ የሥር በሽታን ይከላከል እንደሆነ እንጂ ለሽምብራ የናይትሮጅን ኖዱል አያወጣም። ራይዞቢየም፣ ማለትም ኖዱል የሚያወጣው ባክቴሪያ፣ ስፖር የለውም። ለዚህ ነው ፀሐይ ላይ የዋለ እሽግ ቀኑ ሳያልፍ የሚሞተው።

ዱቄት ይግደለኝ
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ዱቄት።

ሥር ቆፋሪ
ለማንኛውም አሠራሩ፦ 100 ግራም ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ አሟሟ። ከዚያ ለአንድ ኪሎ ዘር 20 ሚሊ ሊትር ገደማ አፍስሰህ፣ ጥላ ውስጥ ላስቲክ ላይ አገላብጥ፤ ይርጠብ እንጂ አይንጠብጠብ። ዱቄቱን እሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን ነስንስ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር እስኪለብስ እሸው፣ እዚያው ጥላ ላይ ትንሽ አናፍሰው። በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ዝራና ወዲያው አፈር አልብሰው። እንደ ዩሪያ ያለ የኬሚካል ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር እንዳታደባልቅ።

ጀማሪ
ተባረኩ። እጄ ላይ ቁስል አለ፤ ባክቴሪያው ይጎዳኛል?

ጠብታ
ራይዞቢየሙ አይነካህም። አፈሩን ፍራ፦ የቴታነስ ስፖር አፈር ውስጥ ዓመታት ይኖራል። ቁስሉን ሸፍን፣ ጓንት አድርግ፣ ክትባትህን አጣራ። የታሸገ ኮምፖስት ስትከፍትም ፊትህን አርቅና በውሃ አርጥበው፤ ሌጂዮኔላ ሎንግቢቺ የሚባለው ባክቴሪያ ከአቧራው ጋር ሳንባ ይገባል።

የተቃጠለው
ቀዩን ዘር ባጥበውስ?

ሥር ቆፋሪ
አትጠበው፤ መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ እጣቢውም መርዝ ነው። መድኃኒት ያልተቀባ ዘር ፈልግ። ከጠፋ ባክቴሪያውን ዘሩ ላይ አትቀባው፤ ፈሳሹን ክሎሪን በሌለው ውሃ አቅጥነህ ስትዘራ መስመሩ ውስጥ አፍስሰው። እዚህ ላይ ፈሳሹ ይመረጣል።

ዱቄት ይግደለኝ
ዱቄቱም ይበጠበጣል።